ካንሰር አከርካሪ ላይ ሲደርስ፦ ኦፕሬሽን፣ ጨረር ወይስ ሲሚንቶ?

የእቴቴ ነጠላ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ወልቆ ቀርቷል። እሷ አላወቀችም። አንዱ እግሯ ጫማ አድርጎ፣ አንዱ ባዶውን ሳሎን ገብታ ተቀመጠች። "ጫማሽስ?" ስላት ጎንበስ ብላ እግሯን አየችና ዝም አለች።

የጡት ካንሰር ታክማ ከጨረሰች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ግን "ጀርባዬን፣ ጀርባዬን" ስትል ከርማለች። ሌሊት ጋደም ስትል የሚብስባት ሕመም ነው፤ ብዙ ሌሊት ትራስ ደግፋ ወንበር ላይ ነው ያነጋችው። እኛ ብርድ ነው አልን። ወጌሻ ተጠርቶም አሽቷታል። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ያ እሽት ነው።

ካንሰሩ ተመልሶ አከርካሪዋ ላይ መድረሱ የታወቀ ዕለት ማታ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አንዱ ነገ ዛሬ ሳይባል ኦፕሬሽን ትሁን አለ። ሌላው አከርካሪ ከተነካ አልጋ ላይ ነው የምትቀረው አለ። አሜሪካ ያለችው እህቷ በስልክ ገንዘብ አሰባስበን ባንኮክ እንውሰዳት አለች። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን፤ ስንከራከር ግን ምን ምርጫ እንዳለ እንኳ አናውቅም ነበር። ሐኪም አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ሐኪሞችን እየጠየቅሁ፣ እያነበብኩም የተማርኩትን እዚህ አስቀምጣለሁ፣ እናንተ ተመሳሳይ ምሽት ላይ ስትቀመጡ ከኛ የተሻለ ነገር በእጃችሁ እንዲኖር።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱ

ካንሰር ያለበት ወይም የነበረበት ሰው አዲስ የጀርባ ወይም የአንገት ሕመም ካለው ብርድ አይደለም ብላችሁ ነው መጀመር ያለባችሁ። እግር ከከዳ፣ ከደረት ወይም ከእምብርት በታች ከደነዘዘ፣ መቀመጫ አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ ደግሞ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ እንዲህ ላለ ሰው ኤምአርአይ በ24 ሰዓት ውስጥ ይነሳ ይላል፤ ሕመም ብቻ ላለው ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ። ሲነሳ የጀርባው አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን አከርካሪው ከላይ እስከ ታች ቢታይ ይሻላል፤ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ ነው የሚገኘው።

እስከዚያው ዴክሳሜታዞን ሊታዘዝ ይችላል። ህብለ ሰረሰሩ (በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ላይ ያለውን እብጠት ይቀንሳል፣ ጥቂት ቀን ያስገኛል። ግን የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ታማሚው የስኳር በሽተኛ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። መታሸት የለም። ማስመታት የለም። ወጌሻ እጁ የተባረከ ቢሆንም ካንሰር የበላውን አጥንት መንካት የለበትም።

ሌላ አገራችን ላይ የማይረሳ ነገር አለ፤ የአከርካሪ ቲቢ። እሱም ጀርባ ያማል፣ አጥንት ይበላል፣ እግር ያሰንፋል። ልዩነቱ ምስሉ ላይ ሊታይ ይችላል፤ ቲቢ ብዙውን ጊዜ በሁለት አጥንቶች መካከል ያለውን ዲስክ ያበላሻል፣ ካንሰር ዲስኩን ትቶ አጥንቱን ነው የሚበላው። ግን ሁሌም እንዲህ ግልጽ አይሆንም። ከዚህ በፊት ካንሰር ያልተገኘበት ሰው ከሆነ በመርፌ ናሙና ሳይወሰድ ስለ ሕክምና መወሰን አደጋ አለው። ቲቢ ከሆነ የሚድን በሽታ ነውና።

ኦፕሬሽኑ ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ ቤተሰብ ሁሉ ይሳሳታል፣ እኛም ተሳስተናል። "ቆርጠው ያውጡላትና ትገላገል" እንል ነበር። አከርካሪ ላይ የደረሰ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቦታ በደም ተጉዞ የመጣ ነው፦ ከጡት፣ ከፕሮስቴት፣ ከሳንባ፣ ከኩላሊት፣ ከታይሮይድ። ስለዚህ የጀርባ ኦፕሬሽን ካንሰሩን ከሰውነት አያጠፋም። የሚሠራው ህብለ ሰረሰሩን ከጫና ለማላቀቅ፣ የደከመውን አጥንት ለማሰር፣ ሕመሙንም ለማስታገስ ነው። እንድትራመድ። ሽንቷን እንድትቆጣጠር። ተኝታ እንድታድር። በኔ እምነት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ይህ መሆኑን አውቆ መግባትና ድኅነት ነው ብሎ መግባት በጣም ይለያያል።

ኒውዮርክ ያለው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ሐኪሞች ምርጫውን በአራት ጥያቄ ነው የሚያዩት፣ ዛሬ ብዙ አገር ይሠራበታል። ህብለ ሰረሰሩ ምን ያህል ተጭኗል? ይህ ካንሰር ለጨረር እጅ ይሰጣል ወይ? አጥንቱ ይሸከማል ወይ? የሰውየው አቅምና የካንሰሩ ስርጭት ኦፕሬሽን ያስችላል ወይ? ሐኪም ፊት ስትቀመጡ እነዚህን አራቱን ጠይቁ። መልስ ካገኛችሁ ምርጫው ግማሹን ራሱ ይወስናል።

ጨረር ብቻ ወይስ ኦፕሬሽን ከነጨረሩ?

ትልቁ ምርጫ ይህ ነው። ብዙ ሰው ግን ከካንሰሩ ዓይነት አይነሳም። ሊምፎማና መልቲፕል ማይሎማ (የንፍፊትና የአጥንት መቅኔ ካንሰሮች) ለጨረር ቶሎ ይሸነፋሉ። እነዚህ ከሆኑ ህብለ ሰረሰሩ ተጭኖ እንኳ ጨረር ብቻውን ሊያላቅቀው ይችላል። ጡትና ፕሮስቴትም ደህና ይታዘዛሉ። ኩላሊት፣ ሜላኖማ (አንድ የቆዳ ካንሰር ዓይነት) እና ሳርኮማ (የአጥንትና የጡንቻ ካንሰር) ግን ለተለመደው ጨረር እልከኞች ናቸው።

ካንሰሩ ቶሎ የማይሟሟ ሆኖ ህብለ ሰረሰሩን በአንድ ቦታ ከተጫነው ግን በ2005 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣውን የአሜሪካኖቹን ጥናት ማወቅ አለባችሁ። 101 ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ ጨረር ብቻ፣ ግማሾቹ ቶሎ ኦፕሬሽን ሆነው ከዚያ ጨረር አገኙ። ከሕክምናው በኋላ መራመድ የቻሉት ኦፕሬሽን ከሆኑት ከመቶ 84፣ ጨረር ብቻ ካገኙት ከመቶ 57 ነበሩ። መራመድ ለምን ያህል ጊዜ ቆየላቸው? መካከለኛው ኦፕሬሽን ለሆኑት 122 ቀን፣ ጨረር ብቻ ላገኙት 13 ቀን። ሲገቡ መራመድ ያቃታቸው በየቡድኑ 16፣ 16 ሰዎች ነበሩ፤ ኦፕሬሽን ከሆኑት 10ሩ እንደገና ተራመዱ፣ ከሌሎቹ 3ቱ ብቻ።

እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ግን ጥናቱ ውስጥ እነማን እንደገቡ ማየትም ግድ ነው። ቢያንስ ሦስት ወር ዕድሜ የሚጠበቅላቸው ናቸው። የተጫናቸው በአንድ ቦታ ነው። እግራቸው ሙሉ በሙሉ ከከዳ ከ48 ሰዓት በላይ የሆናቸው አልገቡም። ለጨረር ቶሎ የሚሸነፉት ካንሰሮችም አልተካተቱም። ስለዚህ ካንሰሩ ጉበትና ሳንባ ላይ በርትቶ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ይህንን ጥናት አንስቶ "ኦፕሬሽን ይሻላል ተብሏል" ማለት አይሆንም። ደግሞም በሕክምናው ዓለም ያለው ትልቁ እውነት ሲገቡ የሚራመዱ ሰዎች ሲወጡም የመራመድ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ ነው። እቴቴ ዛሬ በከዘራ የምትሄደው ሐኪሙ ስለተራቀቀ ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን በእግሯ ስለገባች ነው።

አጥንቱስ? ምስጥ የበላውን ምሰሶ አስቡት። መድኃኒት ረጭታችሁ ምስጡን ብትገድሉት ምሰሶው ያኔውኑ መልሶ አይወፍርም። ጨረርም እንዲሁ ነው። ዕጢውን ይገድላል፤ አጥንቱ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ሊጠገን ይችላል፣ ግን ወራት ይፈልጋል። ለዚህ ነው የሕመሙን ጠባይ ለሐኪሙ በደንብ መንገር ያለባችሁ። ሌሊት ተኝቶ የሚብስ፣ ዴክሳሜታዞን ሲጀመር የሚቀል ሕመም ከዕጢው ነው፤ ጨረር ይረዳዋል። ሲነሱ፣ ሲቆሙ፣ ሲገላበጡ እንደ ጩቤ የሚወጋ፣ ሲተኙ የሚተው ከሆነ ግን አጥንቱ አልሸከም ብሏል ማለት ነው። ለዚህኛው ጨረር ብቻውን አይበቃም። እቴቴ ሁለቱም ነበረባት፤ ሌሊቱ ቀድሞ፣ መነሳቱ በኋላ።

ሐኪሞች አጥንቱ መሸከሙን የሚመዝኑበት ሲንስ የሚባል ነጥብ አለ፣ ከ2010 ጀምሮ። የተጎዳው አጥንት የት ነው፣ ሲንቀሳቀሱ ያማል ወይ፣ አጥንቱ ተበልቷል ወይ፣ መስመሩን ስቷል ወይ፣ ምን ያህል ሰምጧል፣ የኋላው ክፍልስ ተነክቷል ወይ እያለ ይደምራል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 18 ነው። እስከ 6 ጸንቷል። ከ7 እስከ 12 ያጠራጥራል። 13 እና ከዚያ በላይ አይሸከምም። 7 ከደረሰ ቀዶ ሐኪም ሊያየው ይገባል። "ሲንሱ ስንት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አይቆጣችሁም።

ከኋላ መክፈት ብቻ ወይስ ከፍቶ ማሰር?

"ኦፕሬሽን" ሲባል አንድ ነገር ብቻ ይመስለን ነበር። አይደለም። የድሮው ዘዴ የአከርካሪውን የኋላ አጥንት አንስቶ ህብለ ሰረሰሩን ማስተንፈስ ነበር፣ ያለ ብሎን። ችግሩ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከፊት ባለው ወፍራሙ አጥንት ላይ መሆኑ ነው። ከፊት ተበልቶ ሳለ የኋላውንም ስታነሱት አከርካሪው ይበልጥ ይላላል። በዚህ ዘዴ የተሠሩት ጨረር ብቻ ካገኙት ሰዎች ብዙም እንዳልተሻሉ የቆዩ ጥናቶች አሳይተዋል። አሁን የሚደረገው ጫናውን አንስቶ ከላይና ከታች ባሉት ጤነኛ አጥንቶች ላይ ብሎን አስገብቶ በዘንግ ማሰር ነው።

ስለዚህ ጠይቁ፦ "ብሎን ይገባል ወይ? ካልገባስ ለምን?" ብሎኑንና ዘንጉን ራሳችሁ ገዝታችሁ አምጡ ልትባሉም ትችላላችሁ፤ ዋጋውን ቀድሞ ማወቅ ኦፕሬሽኑ በገንዘብ ምክንያት ሦስትና አራት ቀን እንዳይዘገይ ያደርጋል። ህብለ ሰረሰሩ ሳይጫን አጥንቱ ብቻ ከላላ፣ በትናንሽ ቀዳዳ ብሎን የሚገባበት ዘዴም አለ። ደሙ ያነሰ፣ ቁስሉ የጠበበ ነው። ጨረርና ኬሞ የሚጠብቀው ሰው ቁስሉ ቶሎ ቢደርቅለት ትልቅ ነገር ነው።

ካንሰሩ ከኩላሊት ወይም ከታይሮይድ የመጣ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። እነዚህ ዕጢዎች ደም የሞላባቸው ናቸው፤ ሲነኩ ብዙ ይደማሉ። በሚቻልበት ቦታ ከኦፕሬሽኑ አንድና ሁለት ቀን ቀድሞ ወደ ዕጢው የሚሄደውን የደም ሥር በቀጭን ቱቦ ገብተው ይዘጉታል። ይህ የማይገኝ ከሆነ ደም ሰጪ ዘመዶች አስቀድመው ይዘጋጁ።

ሲሚንቶ

ስሙ ያስደነግጣል። የግንባታው ሲሚንቶ አይደለም። በመርፌ ወደተሰበረው አጥንት ገብቶ የሚጠነክር የሕክምና ሲሚንቶ ነው። አንዳንዴ በፊኛ የሰመጠውን አጥንት መጀመሪያ ቀና ያደርጉታል። ሕመምን ቶሎ ያስታግሳል፣ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይነሳል። አቅሙ የደከመ፣ ትልቅ ኦፕሬሽን የማይችል፣ ሕመሙ ግን አላስነሳ ላለው ሰው ጥሩ ነው። ማይሎማ ላለባቸው በተለይ ይጠቅማል።

የማይሠራውን ግን እወቁ። ሲሚንቶ ህብለ ሰረሰሩን ከጫና አያላቅቅም። አጥንቱ ወደ ኋላ ተሰብሮ ህብለ ሰረሰሩ የሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ከገባ ሲሚንቶው ሊፈስና ሊያባብስ ይችላል። እግር እየሰነፈ ሳለ "ቀላሉን እንምረጥ" ተብሎ ሲሚንቶ ከተመረጠ መልሱ ለሌላ ጥያቄ ነው የተሰጠው።

ሙሉ በሙሉ ማውጣት ወይስ ማራቅ?

ጃፓን ካናዛዋ ያሉ ሐኪሞች የታመመውን የአከርካሪ አጥንት ሙሉውን ነቅለው በሰው ሠራሽ የሚተኩበትን ኦፕሬሽን አዳብረዋል። በጣም ከባድ ነው፣ ሰዓታት ይፈጃል፣ ደም ይፈሳል። ካንሰሩ ሰውነት ውስጥ ያለው እዚያ አንድ ቦታ ብቻ ሆኖ፣ ዋናው ካንሰር በቁጥጥር ሥር ሆኖ፣ ሰውየው ጠንካራ ከሆነ ሊታሰብ ይችላል። ይህ ብዙ ሰው ላይ አይገጥምም።

አሁን ብዙ ትልልቅ ማዕከላት የሚመርጡት ዕጢውን ከህብለ ሰረሰሩ በሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ማራቅ፣ አጥንቱን ማሰር፣ የቀረውን ለተነጣጠረ ከፍተኛ ጨረር መተው ነው። ያ ክፍተት ያስፈለገው ጨረሩ ዕጢውን በጉልበት ሲመታ ህብለ ሰረሰሩን እንዳያቃጥል ነው። ለኩላሊትና ለሜላኖማ ይህ ጨረር ከተለመደው በብዙ ይሻላል። ህብለ ሰረሰሩ ያልተጫነባቸው ሰዎች ላይ ካናዳና አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ በ2021 በወጣ ጥናት፣ ይህን ጨረር በሁለት ቀን ካገኙት ከመቶ 35ቱ ከሦስት ወር በኋላ ሕመማቸው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ የተለመደውን በአምስት ቀን ካገኙት ከመቶ 14ቱ። ችግሩ መሣሪያውና ባለሙያው በየቦታው አይገኝም። የተለመደው ጨረር ብቻ ካለ ኦፕሬሽን ሆኖ እሱን መውሰድ ደህና ምርጫ ነው፤ የ2005ቱ ጥናት ራሱ የተሠራው በተለመደው ጨረር ነው።

ቅደም ተከተሉንም አትርሱ። ሁለቱም የሚያስፈልጉ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኦፕሬሽኑ ይቀድማል። በጨረር የተመታ ቆዳ ላይ ሲከፈት ቁስል አልደርቅ ይላል፣ ይመረቅዛል። ከኦፕሬሽን በኋላ ጨረር የሚጀመረው ቁስሉ ሲደርቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ። እዚህ አገር ጨረር ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማና ሐረርም አለ። ወረፋ ስላለ ኦፕሬሽኑ የተወሰነ ዕለት ነው የጨረሩ ቀጠሮ መያዝ ያለበት። ቁስሉ እስኪደርቅ ወረፋውም ይቀርባል።

እዚህ ወይስ ውጭ አገር?

ዲያስፖራ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይህን ይጠይቃል፣ ከልብ አስቦ ነው። ግን የእግር መስነፍ በሰዓትና በቀን ነው የሚቆጠረው። ፓስፖርት ማሳደስ፣ ቪዛ፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ የሆስፒታል ደብዳቤ፤ ቢፈጥን ሁለት ሳምንት ነው። አየር መንገዶችም እንዲህ ላለ ታማሚ የሐኪም ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። አከርካሪው የላላ ሰው ሰባትና ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጦ መብረሩ ራሱ አደጋ ነው። የኔ አቋም ይህ ነው፦ እግር እየሰነፈ ከሆነ ጫናውን ማንሳትና ማሰር የሚችል ቀዶ ሐኪም እዚሁ ካለ እዚሁ ይሁን። ህብለ ሰረሰሩ ካልተጫነና አጥንቱ ከጸና፣ ውጭ የሚኬደውም ለተነጣጠረው ጨረር ከሆነ፣ ያኔ ጊዜ አለ፤ ኤምአርአዩን በሲዲ ልካችሁ መልስ ጠብቁ።

ኦፕሬሽን ባይደረግስ?

ይህም ምርጫ ነው፤ ሐኪሙ "አላደርግም" ሲል ተስፋ ቆርጦ ወይም ገንዘብ ፈልጎ አይምሰላችሁ። ዕድሜው በሳምንታት የሚቆጠር ከሆነ ከኦፕሬሽን ለማገገም የሚፈጀው ጊዜ የቀረውን ጊዜ ይበላዋል። ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ ሦስት ወር ይፈልጋሉ። ጨረር ለዚህ ሰው በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። እንግሊዝና አውስትራሊያ ውስጥ 686 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ አንድ ቀን ብቻ ጨረር ካገኙት ከመቶ 69ኙ ከስምንት ሳምንት በኋላ ይራመዱ ነበር፤ አምስት ቀን ካገኙት ከመቶ 73ቱ። ከገጠር ለመጣ ታማሚ፣ ማረፊያ ለሌለው ቤተሰብ፣ አንድ ቀንና አምስት ቀን ሰማይና ምድር ነው። ለሕመሙ ሞርፊን ከታዘዘ የሆድ ማለስለሻም አብሮ ይታዘዝለት፤ አለዚያ ድርቀቱ ከሕመሙ አይተናነስም። ሲገላበጥ ትከሻና ዳሌው እንደ ግንድ አንድ ላይ ይዙር፤ ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። እኛ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ስንከራከር እቴቴን ማንም አልጠየቃትም። "እንዳትደነግጥ" ተብሎ ካንሰሩ መመለሱም አልተነገራትም ነበር። እሷ ግን ገብቷታል። ሐኪሙ ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጥተው እኔን ብቻ አስቀሩና አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። "እትዬ፣ እርስዎ ምን ቢሆንልዎ ይፈልጋሉ?" አሏት። ጣሪያውን እያየች ትንሽ ቆየች።

"ሽንት ቤት በራሴ እግር ልሂድ" አለች። "ልጆቼ አይሸከሙኝ። የቀረውን እሱ ያውቃል።"

ሐኪሙ ያንን ጻፉት። ኦፕሬሽኑ ካንሰሩን እንደማያጠፋ፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ እንደሚችል፣ እግሯ ላይመለስ እንደሚችልም ነገሯት፤ በኋላም ጨረር እንዳለ። ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው። ከዚያ መነጽሬን አምጪልኝ አለችኝና ወረቀቱን ራሷ አንብባ ፈረመች።